የቅርቡንና የሩቁን መመጠን፤ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ በናይሮቢ

ለሰው ሁለት ዓይን የተሰጠው አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲጠቀም ብቻ አይደለም። ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የተራራቁ ስለ ሆኑ፥ አንዱን ነገር የሚያዩት በጥቂቱ ከተለያየ ስፍራ ነው። አእምሮም እነዚህን ሁለት ሥዕሎች አዋሕዶ ይህ ቅርብ ነው፥ ያ ሩቅ ነው ብሎ ይፈርዳል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት የሞከረ ሰው የሁለተኛውን ዓይን ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል።

ይህን የተፈጥሮ ሥራ ተከትሎ የተሠራው መሣሪያ ስቴሪዮ ካሜራ ይባላል። ጐን ለጐን የተተከሉ ሁለት ሌንሶች ያሉት ሲሆን፥ በአንድ ጊዜ ሁለት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አንዱ ለቀኝ ዓይን፥ አንዱ ለግራ ዓይን ነው። ሁለቱ ፎቶግራፎች በተለየ መመልከቻ ውስጥ ገብተው ሲታዩ፥ ሥዕሉ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ፊትና ኋላ፥ ቅርብና ሩቅ ያለው ይሆናል።

የዚህን ነገር ምሥጢር አስቀድሞ ያስረዳው ቻርልስ ዊትስቶን የተባለው እንግሊዛዊ ሲሆን፥ ጊዜውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1838 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጠው በተከታዩ ዓመት በመሆኑ፥ ዊትስቶን ሐሳቡን ያስረዳው በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች ነበር። በ1849 ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ባለ ሌንስ መመልከቻ አዘጋጀ። መመልከቻውም በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላ በብዙ ቤተ ሰቦች ዘንድ ተወደደ። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ የተሠራው ስቴሪዮ ሪያሊስት የተባለው ካሜራ በብዙ ሰዎች እጅ ገባ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበሩ።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የፈለግነው ግን የመሣሪያውን ታሪክ አይደለም። መሣሪያውን አዲስ የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለሚሳሳትበት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በአንድ ሥዕል ውስጥ የሚገቡትን የቅርቡንና የሩቁን ነገር ልዩነት መመጠን ነው። እኛም ይህን የተማርነው በናይሮቢ ከተማ በገዛ እጃችን ከፈጸምነው ስሕተት ነው።

አባታችንና ቀጭኔዋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባታችንን ይዘን እኅታችን ወደምትኖርበት ወደ ናይሮቢ ሄድን። አባታችን በዚያን ጊዜ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ከአገር ወጥተው ሲሄዱም የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ጕዞው የመጨረሻቸው ሊሆን እንደሚችል በልባችን ስለምናውቅ፥ ከአንድ ወዳጃችን አሮጌ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ተውሰን ያዝን። ሐሳባችን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያሳለፉት ጊዜ ለቤተ ሰቡ መታሰቢያ ሆኖ እንዲቀር ነበር።

ናይሮቢ ለእንዲህ ያለው ፎቶግራፍ እጅግ የምታጓጓ ከተማ ናት። በ1946 የተቋቋመው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፥ ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማዋ መካከል የሚርቀው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሌላው ወገን ሁሉ ሲታጠር፥ በደቡብ በኩል ግን አራዊቱ ወደ ሰፊው ሜዳ እንዲወጡና እንዲገቡ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ጐብኚው ቀጭኔውንና የሜዳ አህያውን በቅርብ እያየ፥ ከበስተኋላቸው የከተማዋን ረጃጅም ሕንጻዎች በሰማይ ዳር ቆመው ያያቸዋል። ከነዚህም አንዱ በ1973 የተፈጸመውና 105 ሜትር ቁመት ያለው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ አዳራሽ ነው። እንዲህ ያለ አውሬና እንዲህ ያለ ከተማ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሲገኙ፥ የካሜራውን ቍልፍ ሳይጫኑ ማለፍ ያስቸግራል።

እኛም ሳንቈጥብ ተጫንን። በፓርኩ ውስጥ ከመኪና መውረድ የሚፈቀደው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለ ሆነ፥ ብዙውን ሥዕል ያነሣነው በመኪናው መስኮት በኩል ነበር። ከዚያም ላንጋታ ወደሚባለው ሰፈር፥ ወደ ቀጭኔ ማእከሉ ሄድን። ይህ ስፍራ ቍጥራቸው እጅግ የተመናመነውን የሮትስቻይልድ ቀጭኔዎች ለማዳን በ1979 የተጀመረ ነው። ጐብኚው ወደ ከፍተኛ መድረክ ይወጣና ቀጭኔዎቹን ፊት ለፊት እያየ በእጁ ይመግባቸዋል። አባታችን መጀመሪያ ጥቂት ፈሩ፤ ኋላ ግን መኖውን በመዳፋቸው ይዘው እጃቸውን ሲዘረጉ፥ ቀጭኔዋ ረጅሙን ምላሷን አውጥታ ወሰደችላቸው። አባታችን እንደ ልጅ ሣቁ። እኛም ያ ሣቅ እንዳያመልጠን ተሯሩጠን ቀረብንና አነሣን። የቀጭኔዋ ራስ ከካሜራው የራቀው ሰባ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከኋላ ደግሞ የንጎንግ ኮረብታዎች ከሩቅ ይታዩ ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ። ፊልሙ ታጥቦ በመጣ ጊዜ አባታችን መመልከቻውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥቂት ቆዩና፥ «ልጄ፥ ቀጭኔዋ ሁለት ሆና ታየችኝ፤ እኔም ከኋላዋ ሁለት ነኝ። ዓይኔን አመመኝ፤ እንካ ውሰደው» አሉን። እኛም ተቀብለን ብናይ ነገሩ እንዳሉት ነበር። ቀጭኔዋን ስናይ ኮረብታው ይከፈላል፤ ኮረብታውን ስናይ ቀጭኔዋ ትከፈላለች፤ የአባታችን ፊት ግን ከሁለቱም መካከል ጠፍቷል። በፓርኩ ውስጥ ከተነሡትም አብዛኞቹ ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም።

አንድ የካርታ ባለሙያ ያስረዱን

በዚያው ሰሞን በእኅታችን ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ እንግዳ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በካርታ ሥራ ሲሆን፥ በወጣትነታቸው የተማሩት በናይሮቢ በሚገኘው የአካባቢው አገሮች የካርታ ሥራ ማእከል ነበር። ይህ ማእከል በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኤኮኖሚ ኮሚሲዮንና በአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ደጋፊነት የተመሠረተ ሲሆን፥ ኢትዮጵያም አባል ናት። ሽማግሌው ሥዕሎቻችንን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፥ «ካሜራው ምንም ጕድለት የለበትም። አንተ ግን ያየኸው የወደድከውን ብቻ ነው፤ ከሁሉ የቀረበውን አላየህም» አሉን።

ቀጥሎም ጣታችንን ከዓይናችን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀን አቁመን፥ በመስኮት የሚታየውን ሩቅ ቤት እንድንመለከት አዘዙን። ቤቱን ስናይ ጣታችን ሁለት ሆነ፤ ጣታችንን ስናይ ቤቱ ሁለት ሆነ። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ በዓይናችን ላይ የሚሆን ነው። ነገር ግን የምንመለከተው አንዱን ብቻ ስለ ሆነና ሌላው ስለሚደበዝዝ አናስተውለውም። በፎቶግራፍ ግን ቅርቡም ሩቁም እኩል ጠርቶ ስለሚታይ፥ መከፈሉ ጐልቶ ይወጣል። ከዚህም በላይ ዓይን በተፈጥሮው ወደ ቅርብ ነገር ሲዞር አብሮ ለቅርብ ይስተካከላል፤ ሥዕል ሲመለከት ግን መዞር እንጂ መስተካከል ስለማይኖርበት ሥራው ይዛባበታል። ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ዓይን ይታገሣል፤ ሲበዛ ግን ይደክማል፥ ያማልም።

ስለዚህ የአንድ ስቴሪዮ ሥዕል ጥልቀት እንደ ስንቅ የተወሰነ መጠን አለው። መጠኑን የሚጨርሰውም የቅርቡ ነገር ብቻ፥ ወይም የሩቁ ነገር ብቻ ሳይሆን፥ የሁለቱ ልዩነት ነው።

የሠላሳ እጥፍ ደንብ

በዚህ ሥራ የቈዩ ሰዎች የሚከተሉት ቀላል ደንብ አለ። ሥዕሉ እስከ ሰማይ ዳር ድረስ የሚዘልቅ ከሆነ፥ ከሁሉ የቀረበው ነገር በሁለቱ ሌንሶች መካከል ካለው ርቀት ሠላሳ እጥፍ መራቅ ይገባዋል። እንደኛ ካሜራ በሌንሶቹ መካከል 7 ሳንቲ ሜትር ያለው እንደ ሆነ፥ ሠላሳ እጥፉ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው። ይኸውም አራት ክንድ ያህል፥ ወይም ሦስት ርምጃ መሆኑ ነው። ፉጂፊልም በ2010 ባወጣው ባለ ሁለት ሌንስ ዲጂታል ካሜራ ደግሞ በሌንሶቹ መካከል 7.5 ሳንቲ ሜትር ስላለ፥ ልኩ 2 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ ቀጭኔ በሰባ ሳንቲ ሜትር ላይ መሆኗን ያስታወሰ ሰው፥ ከልኩ ሦስት እጥፍ እንደ ቀረበች ይረዳል።

ይሁን እንጂ ከኋላ ያለው ነገር ሩቅ ካልሆነ፥ ካሜራው ከዚህ ይበልጥ ሊቀርብ ይችላል። በዚያው ባለ 7 ሳንቲ ሜትር ካሜራ፥ ከኋላ ያለው ግድግዳ ከካሜራው 4 ሜትር ቢርቅ፥ የቅርቡ ነገር እስከ 1 ሜትር ከ40 ሊጠጋ ይችላል፤ ግድግዳው 2 ሜትር ቢሆን ደግሞ እስከ 1 ሜትር ይፈቀዳል። ስለዚህ አንድን ሰው በቅርብ ማንሣት የፈለገ ሰው፥ ከኋላው ኮረብታ ወይም ከተማ ሳይሆን ግድግዳ፥ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቍጥቋጦ እንዲሆን ቢያደርግ ይረዳዋል።

ሜትር በእጁ የሌለ ሰው ምን ያድርግ ብለን ብንጠይቃቸው፥ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አሳዩን። ካሜራው በሚቆምበት ስፍራ ቆመህ ከሁሉ የቀረበውን ነገር ተመልከት። አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይንህን፥ አንድ ጊዜ ግራ ዓይንህን ጨፍን። በዚህ ጊዜ የቅርቡ ነገር ከኋላው ባለው በሩቁ ነገር ላይ ወዲያና ወዲህ ሲዘል ታየዋለህ። ከዚያም ክንድህን ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ፥ በአንድ ዓይን እያየህ፥ ዝላዩን በአውራ ጣትህ ስፋት ለካው። ዝላዩ ከአንድ አውራ ጣት ካልበለጠ አንሣ፤ ከበለጠ ወደ ኋላ ሂድ፤ ወይም የቅርቡን ነገር ከሥዕሉ አስወጣው፤ ወይም ከኋላው መጋረጃ የሚሆን ነገር ፈልግ። ዓይኖቻችን የሚራራቁት ከካሜራው ሌንሶች ብዙ በማይለይ መጠን ስለ ሆነ፥ ይህ ልክ ለዕለት ሥራ ይበቃል። ካሜራው የሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ያለው እንደ ሆነ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ሌንሱ ነገሩን ሁለት እጥፍ ሲያቀርብ ጥልቀቱም ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር የነበረው ልክ አራት ሜትር፥ አንድ አውራ ጣት የነበረውም ግማሽ ይሆናል።

የመኪናው መስኮትና የአውሮፕላኑ ዓይን

የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባላል። በፓርኩ ሥዕሎቻችን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ቀጭኔው ሃያ ሜትር ርቆ ሳለ ሥዕሉ ዓይን ያሳመመው በቀጭኔው ምክንያት ሳይሆን፥ ንቀን በተውነው በመኪናው መስኮት ጠርዝ ምክንያት ነበር። ጠርዙ ከካሜራው ሃምሳ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይርቅም። እንዲሁም ወደ ላይ በሚከፈተው የመኪና ጣራ በኩል የሚያነሣ ሰው የጣራውን ከንፈር፥ በግራር ሥር የሚያነሣ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ፥ ዝቅ ብሎ የሚያነሣም በእግሩ ሥር ያለውን ሣር ማየት ይገባዋል። የሥዕሉን አራት ማዕዘን ዙሪያ በዓይን መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ጥልቀት ማነሱም ጕድለት ነው። በሥዕሉ ያለው ነገር ሁሉ ከሃምሳ ሜትር በላይ የራቀ እንደ ሆነ፥ ሥዕሉ ከተራ ፎቶግራፍ ብዙ አይለይም። በዚህ ጊዜ በመካከለኛ ርቀት አንድ ዛፍ ወይም አንድ ሰው ማስገባት ይጠቅማል። የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነም፥ በተራ ካሜራ አንድ ጊዜ ካነሡ በኋላ ወደ ጐን ተራምዶ ሁለተኛውን ማንሣት ይቻላል። ርምጃውም በሠላሳ እጥፍ ደንብ ይለካል፤ ከሁሉ የቀረበው ነገር 300 ሜትር ቢርቅ፥ በሁለቱ ማንሻ ቦታዎች መካከል 10 ሜትር መሆኑ ነው። ነገር ግን ከተማው በግዙፍ ሰው ዓይን እንደ ታየ ሆኖ ስለሚወጣ፥ ትልልቁ ሕንጻ የልጆች መጫወቻ መምሰሉን መርሳት አይገባም።

ሽማግሌው ከራሳቸው ሙያ የጨመሩልንም ምሳሌ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገልን። ለካርታ ሥራ የሚበር አውሮፕላን ፎቶግራፎቹን የሚያነሣው እያንዳንዱ ከተከታዩ ጋር ከመቶ ስድሳ እጅ ያህል እንዲደራረብ አድርጎ ነው። በተለመደው የካርታ ካሜራ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚበር አውሮፕላን፥ በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል 1800 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሠላሳ እጥፍ ደንብ ቢሆን የሚፈቀድለት 100 ሜትር ብቻ ነበር። ታዲያ የባለሙያው ዓይን ስለ ምን አይታመምም? መልሱ ያው የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ከላይ ሲታይ የኮረብታው ጫፍም የሸለቆው ወለልም ሁለቱም ሩቅ ስለ ሆኑ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሌንሶቹን ማራራቅ ትንሹን ልዩነት አጕልቶ እንዲለካ ያደርገዋል። የአየር ፎቶግራፍ በመመልከቻ ሲታይ ተራራው ከእውነቱ ይልቅ የቀጥታ ገደል መስሎ የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ቀን

አባታችን ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት እንደገና ወደ ቀጭኔ ማእከሉ ወሰድናቸው። አሁን ግን ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ ሄድን፤ በመካከላችን የሚያልፉትም ሰዎች እስኪርቁ ጠበቅን። ዓይናችንን በየተራ ጨፍነን ብናይ፥ የተዘረጋው እጃቸው በኮረብታው ላይ የሚዘለው ከአንድ አውራ ጣት ያነሰ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ አባታችን እጃቸው ዝሎ፥ «እናንተ ሰዎች፥ ቀጭኔዋ ጠግባ ልትሄድ ነው» እያሉ ይቈጡን ነበር።

በማግሥቱም ከእኅታችን ቤት ቡና ሲፈላ ሁለተኛውን ሥዕል አነሣን። ግድግዳው ከካሜራው 3 ሜትር ይርቅ ስለነበረ፥ የቅርቡ ልክ 1 ሜትር ከ25 ያህል ነበር። አባታችን ተቀምጠው ሳሉ ከሁሉ የቀረበው ፊታቸው ሳይሆን ጕልበታቸው መሆኑን፥ ከጕልበታቸውም ይልቅ የሚቀርበው ረከቦቱ መሆኑን በዚያ ቀን አስተዋልን። እኅታችንም ሲኒዎቹን እንደ ደረደረች ረከቦቱን ወደ ጐን ገለል አደረገችልን። ትንሹን ልጅ አያቱ በጕልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ይህ በሆነ በዓመቱ አባታችን ዐረፉ። ከናይሮቢ ያመጣናቸው ሥዕሎች ብዙ ናቸው፤ ከነዚያ ውስጥ አባታችን በእውነት የሚገኙባቸው ግን ሁለቱ ናቸው። ሣቃቸው የተነሣበት የመጀመሪያው ሥዕል ዛሬም በሣጥናችን አለ፤ ቢሆንም ለማየት የሚሞክር ሁሉ ዓይኑን አሽቶ ይመልሰዋል። በቤት ውስጥ የተነሣውን ግን ያ ትንሽ ልጅ፥ አሁን ትምህርት ቤት የገባው፥ መመልከቻውን በያዘ ቍጥር የአያቱን ጕልበት ለመንካት እጁን ይዘረጋል።

አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንጂ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይረባም። የደበዘዘ ሥዕል ጥቂት ሊታረም፥ የጨለመም ጥቂት ሊበራ ይችል ይሆናል፤ ከመጠን በላይ የቀረበን ነገር ግን የሚያርቅ ባለሙያ የለም። ስለዚህ ስቴሪዮ ካሜራ የያዘ ሁሉ ቍልፉን ከመጫኑ በፊት ሁለት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ ከሁሉ የቀረበው ምንድን ነው? ከሁሉ የራቀውስ? ለዚህም የሚያስፈልገው ጊዜ ሁለት ዓይን በየተራ እስኪጨፈን ድረስ ብቻ ነው።